የሠርከአዲስ ክርን

በባሌ ደጋ የምትኖሩ፣ በጎባም በሮቤም ያላችሁ፣ በሁለቱ መካከል በሚኒባስ ተጨናንቃችሁ የምትመላለሱ ሁሉ! ጆሮ ያለው ይስማ፤ ጆሮ የሌለው ጎረቤቱን ይጠይቅ! ሠርከአዲስ፣ ቁመቷ ከድንጋይ አጥሯ በታች፣ ድምፅዋ ከአጥሯ በላይ፣ የቀድሞው ክፍለ ሀገር ታይፒስት፣ የዛሬዋ ነጭ ሽንኩርት ተካይ፣ ከእንግዲህ በሰፊው ሕዝብ ፊት የምትታወቅ ታላቅ ሰው ናትና ውሻ እንዳይጮኽባት፣ ባጃጅ ጭቃ እንዳይረጭባት፣ ጎመኗንም የማንም በግ እንዳይቀምስ ታውጇል!

ይህን አዋጅ የሰማ የለም። ያወጀችው ራሷ ሠርከአዲስ ናት፤ ያወጀችውም በሆዷ ነው። አንድ የሰኔ ረፋድ ከአዲስ አበባ የመጣ አቤሴሎም የሚባል ፊልም ሠሪ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ማዘር፣ እርስዎ እኮ ለካሜራ የተፈጠሩ ሰው ነዎት!» ያላት ጊዜ። በማግሥቱ ውሻው እንደ ወትሮው ጮኸባት፣ ባጃጁም እንደ ወትሮው ረጫት። በአገራችን ታላላቅ አዋጆች የሚደርስባቸው ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ቃል ስልሳ ዓመት ሙሉ የጠበቀች ሴት ልቧ ቢቀልጥ አይፈረድባትም። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ሠርከአዲስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ታይፕ ትመታ ነበር። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለውን ሐረግ በሰፊው ሕዝብ ቁጥር ልክ መትታዋለች። አንድ ቀን ከበላይ አካል እንግዳ መጣና ሠራተኛው ሁሉ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ፎቶ ተነሣ። እሷ የእንግዳውን ንግግር ስትመታ ዘግይታ፣ ሮጣ በግራ ጫፍ ቆመች። ፎቶው ታጥቦ ኮሪደሩ ላይ ሲሰቀል ኃላፊው አሉበት፣ ምክትሉ አሉበት፣ የምክትሉ ምክትል አሉበት፣ ሾፌሩ አለበት፤ ለግብዣው የታሰረው ሙክት እንኳ ከነቀንዱ አለበት። ከሠርከአዲስ የተገኘው ግን ክርን ነው። ሹራብ የለበሰ አንድ ክርን።

«ይቺ የኔ ናት» እያለች ለገባ ለወጣው ብታሳይ የመሥሪያ ቤቱ ቀልደኞች «ጓድ ክርን» የሚል ማዕረግ ሰጧት። ኋላ ዋና ከተማነቱ ወደ ሮቤ ሲዞር ወንበሩም፣ መዝገቡም፣ ፎቶውም መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ። ክርኗ ሮቤ ገባች፤ ሠርከአዲስ ጎባ ቀረች።

ሥራ የፈታች ታይፒስት ጣቷን ምን ታድርገው? አፈር ውስጥ ሰካችው። ከቤቷ ኋላ የጎረቤቷ የሐጂ ዓብዱልፈታሕ ጓሮ ነበር። ሐጂ የታወቁ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ ጓሯቸው ግን ሳማና የጠርሙስ ስባሪ እንጂ ሌላ አብቅሎ አያውቅም። ሠርከአዲስ አስፈቅዳ ገባችበት። ሳማውን ነቀለች፣ ስባሪውን ለቀመች፣ ፍግ ከሰው በረት በጀርባዋ አመላለሰች። ያን ጊዜ ካሜራ አልነበረም፤ ያጨበጨበላት ሕፃንም የለም። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን የዚያ ጓሮ ነጭ ሽንኩርት ወደ ሮቤ ሲጫን ተሳፋሪው ሁሉ ያለ ክርክር መስኮት ይከፍት ጀመር፤ በሚኒባስ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ አንድነት ነው።

ሐጂ የሞት ሕመም ሲታመሙ ሽማግሌ አስጠሩ። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በአገር ሽማግሌው በአባ ነገሪ ፊት፣ በባለቤታቸው በእማማ ጁሀራ ፊት፣ በልጃቸው በመሀመድአወል ፊት ተናገሩ። «ጓሮውን ያለማችው ሠርኬ ናት፤ እስካለማችው ድረስ ትብላው። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ እሸቱን ለቤቴ ታምጣ። ዳዋ የዋጠው ዕለት ግን ለልጄ ይመለስ።» አለቀ። ማኅተም የለ፣ ፊርማ የለ። እዚያ አገር እርጥብ ሣር ተይዞ የተነገረ ቃል ከማኅተም ይጠብቃል። ማኅተም የሚሰርዝ ሌላ ማኅተም አለ፤ ሣር ይዞ የዋሸን ሰው ግን ማን ይሰርዝለታል?

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሠርከአዲስ እሸቷን ታቀርባለች፤ እማማ ጁሀራም ሣሩን ይዘው ያንኑ ይጠይቃሉ። «ከዚህ አፈር ነው?» «ከዚህ አፈር ነው።» ይቀምሳሉ፣ ይመርቃሉ፣ ዓመቱ ይታደሳል። ላላወቀ ጨዋታ ይመስላል። ለሠርከአዲስ ግን እንጀራውን ከወጥ የሚያገናኝላት ያ ጓሮ ብቻ ነበር፤ ጡረታዋ ከበርበሬ አያልፍም። መሀመድአወል ደግሞ ሮቤ ላይ የቆርቆሮና የሴራሚክ መደብር ከፍቶ፣ ወደ እናቱ ቤት በመጣ ቁጥር ያንን ጓሮ በዓይኑ ይለካዋል። ሌላው ሰው ጎመን በሚያይበት ቦታ እሱ ሊፍት ያያል።

ወደ ሰኔው ረፋድ እንመለስ። አቤሴሎም እጁን እያወናጨፈ ፊልሙን አስረዳት። የቤተሰብ ፊልም ነው። የከተማ ልጆች ክረምቱን አያታቸው ዘንድ ሊያሳልፉ ይመጣሉ፤ ዳዋ የበላው ጓሮ ያገኛሉ፤ ይነቅላሉ፣ ይተክላሉ፣ ፍቅርን ይማራሉ።

«እና ጓሮው የታለ?» አለች ሠርከአዲስ።

«ይኸው!» አለ የእሷኑ እያሳየ። «የድንጋይ አጥሩ፣ ጥዱ፣ ከኋላ ተራራው፣ ጉሙ! ፐርፌክት ነው። አንድ ችግር ብቻ ነው ያለበት።»

«ምን?»

«ንጹሕ ነው።»

ሠርከአዲስ ተሞገሰች ወይስ ተሰደበች፣ ለጊዜው አልለየላትም።

«ታዲያ ምን ይሁንልህ?»

«አይንኩት። በቃ። ክረምቱ የራሱን ሥራ ይሥራ። ነሐሴ ላይ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ፤ ዳዋውን እንቀርፃለን፣ ወዲያው አጽድተን አበባ በአበባ አድርገን እናስረክብዎታለን።»

«ዳዋ ይብላው ነው የምትለኝ?»

«ለጥበብ ሲባል!»

«የተከልኩት ነጭ ሽንኩርትስ?»

«ማን ያየዋል ማዘር? ያለው ከሥር ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ ደግሞ አያትየውን ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ጎመን አንሥተው ለልጆቹ ያቀብላሉ። ያን ጊዜ ፊትዎ...» በሁለት እጁ አራት ማዕዘን ሠርቶ ከአገጯ እስከ ግንባሯ ለካት። «ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል።»

ሙሉ! ግንባር፣ አገጭ፣ ሁለቱም ጆሮ! አዋጁ በሆዷ የታወጀው ይኸኔ ነው። ቀመረችው፤ ጓሮው ነሐሴ ይጸዳል፣ እሸት የሚቀርበው ከመስቀል በኋላ ነው፣ በመካከሉ ማን ያያል? ለእማማ ጁሀራ አልነገረችም፤ ለአባ ነገሪም አልነገረችም። የዋህ አላዋቂ እንዲህ አይሳሳትም። የባሌን ክረምት ጠንቅቆ እያወቀ የአዲስ አበባ ሰው ቀጠሮን የሚያምን የጎባ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚሳሳት።

ክረምቱ ሥራውን ሠራ። ሳማው፣ ሙጃው፣ እሾሁ ተጠራርቶ መጣ፤ ስብሰባ የተጠራ ይመስል ያልተገኘ አረም አልነበረም። «ሠርኬ፣ አሞሻል እንዴ? ጓሮሽ ጎፈሬ አወጣ» ይሏታል ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ። «ጥበብ ነው» ትላለች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው ማማተብ ጀመሩ።

ነሐሴ ላይ ፊልሙ እውነትም መጣ። ዮዲ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ኮከብ ዣንጥላ ተይዞላት ዳዋው ውስጥ ገባች፤ ሳማ ነካትና ጎባ ሆስፒታል ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮኸች። ጩኸቱ ግሩም ተብሎ ተቀረፀ። በማግሥቱ ጉም ወረደ፣ ዝናብ ተከተለ፣ የካሜራው ዓይን እንደ አሮጊት ዓይን ጨገገ። አቤሴሎም ዕቃውን ጫነ።

«ሳምንት እንመለሳለን። አደራ ማዘር፣ አንድ ሳማ እንዳይነቀል! ቀሪው ትዕይንት ከዚህኛው ጋር መግጠም አለበት።»

ሰው ጎመኑን ከበግ ይጠብቃል። ሠርከአዲስ ሳማዋን ከበግ ትጠብቅ ገባች። ዱላ ይዛ አጥሩ ላይ ቆማ «እንዳትበሉብኝ!» እያለች የጎረቤት ፍየል ስታባርር ያያት ሰው ሁሉ ለቤተ ዘመዶቿ ማሰብ ጀመረ። ሳምንቱ ሄደ። አዲስ ዓመት ገባ። መስቀልም ተለኮሰና አለፈ።

በመስቀል ማግሥት የመሀመድአወል ፒክአፕ አጥሩ ጥግ ቆመ። መስኮቱ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እትዬ ሠርኬ፣ ደኅና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናት። እሸት እሸት ትላለች።» ዓይኑ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ተመለሰ። «ዘንድሮ ሳማ ነው እንዴ የተከሉት? ገበያ ወጣለት?»

«ፊልም ነው።»

«ምን?»

«የሚቀረፅ ፊልም። የጥበብ ጉዳይ ነው፤ አንተ አይገባህም።»

«ወሏሂ ገብቶኛል።» ስልኩን አወጣ። «እንግዲያው እኔም ልቅረፅ።» ከመኪናው ወርዶ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይቸኩል፣ አንዲት ሳማ እንኳ ሳታመልጠው ቀረፀው። ከዚያ ስልኩን በሸሚዙ ጠረግ አድርጎ ኪሱ ከተተ። «የአባቴን ቃል አልረሱትም አይደል? ቅዳሜ ጠዋት አባ ነገሪንና እናቴን ይዤ እመጣለሁ። ሽማግሌ በዓይኑ ይይ። ጎመን ከሆነ ጎመን ነው፤ ዳዋ ከሆነ ዳዋ ነው። እኔ እንደሆነ ቂም የለኝም።»

ቂም የሌለው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ወደ ሮቤ ነዳ። ሠርከአዲስ አጥሩን ተደገፈች። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ማዘር! ልደውልልዎ ነበር እኮ!» አለ አቤሴሎም። «ዓርብ ጠዋት እንገባለን።»

«ልጄ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ዳዋ ካዩ መሬቱ ሄደ። ዛሬውኑ ልንቀለው።»

«እንዳያደርጉት! ዳዋው ከሌለ የነሐሴውን ሥራ ሁሉ ውኃ በላው። ዮዲ ትምህርት ጀምራለች፣ በመከራ ነው ያስፈቀድኩት።»

«መሬቴን እኮ ነው የማጣው!»

«ፊትዎንስ?» አለ።

ይህ ልጅ ጎመንን ከጥቅል ጎመን አይለይም፤ የሰውን ድክመት ግን ኮትኩቶ ማሳደግ ያውቅበታል። «ዓርብ ጠዋት እንቀርፃለን፣ ከሰዓት እናጸዳለን፣ ቅዳሜ ሽማግሌዎችዎ ሲመጡ ገነት ነው የሚጠብቃቸው። ማን ያውቃል ማዘር?»

ሐሙስ ማለዳ ማጭዷን ይዛ ጓሮ ገባች። ባይመጡስ? መንገድ ቢዘጋ፣ መኪናው ቢበላሽ፣ ዮዲን ቢያስነጥሳት? ጎንበስ ብላ የአንዱን ሳማ አንገት በማጭዱ ከበበችው። እጇ ቆመ። ስክሪኑን ሙሉ፣ አለች። ማጭዱን አላቀቀች፤ እንደገና ከበበች። በዚያ ሰዓት በአጥሩ በኩል ሁለት ሴቶች እያወጉ አለፉ። «ጓሮዋ እኮ ጫካ ሆነ! እሷስ የት ገብታ ነው?» አለች አንደኛዋ። «ማን ያውቃል፣ አትታይም» አለች ሁለተኛዋ። ሠርከአዲስ ከእነሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማለች፤ አረሙ ግን ከራሷ በላይ ነበር። ለመታየት ብላ ያሳደገችው ዳዋ ዋጣት። ማጭዷን ይዛ ወጣች፤ አንድም አልነቀለችም።

ዓርብ ጠዋት ማንም አልመጣም። በሯ ላይ ቆማ የሮቤን መንገድ ስታይ አንገቷ ደርቆ ቀረ። የመጡት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። «ትንሽ ዘገየን» አለ አቤሴሎም። ልጆቹ ጓንት አጥልቀው ለካሜራው ጥቂት ሳማ ነቀሉ፣ ላብ ተብሎ ውኃ ተረጨባቸው፣ «ጎበዝ!» ተባሉና ወደ ሆቴላቸው ሄዱ። ቀሪውን ዳዋ የቀን ሠራተኞች በመቆፈሪያ ጨረሱት፤ እነሱን ማንም አልቀረፃቸውም። ከሮቤ አንድ አይሱዙ አበባና ከነሥሩ የተነቀለ ጥቅል ጎመን ጭኖ ደረሰ፤ ጎመኑ ጎሮ ከሚባል ሌላ ወረዳ የመጣ ነው። በገመድ እየተለካ ተተከለ። ሠርከአዲስ ነጭ ሽንኩርቷ ከአረሙ ጋር ተዝቆ መኪና ላይ ሲጣል አይታ «ኧረ እሱ የኔ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ማዘር፣ ሽንኩርት ካሜራ ላይ አያምርም» አላት አቤሴሎም።

ያልተነካ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ ጄኔሬተሩና የዕቃ ሳጥኑ የተቀመጡበት የግራ ጥግ። እዚያ ሳማው እንደ ቆመ ነው። «ግዴለም፣ እሱ ፍሬም ውስጥ አይገባም» ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓሮው እውነትም ገነት መስሎ ነበር፤ ሔዋኗም ፊቷ ላይ ዱቄት ተቀብቶላት፣ ነጠላዋ ተስተካክሎላት፣ መሀል ላይ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ካሜራው ተዘጋጅቶ ነበር። አባ ነገሪ እርጥብ ሣራቸውን ይዘው፣ እማማ ጁሀራ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው። መሀመድአወል በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ዳዋ ነበር! ወሏሂል አዚም፣ ዳዋ ነበር! ይኸው ቪዲዮ አለኝ!»

«የስልክህን አላውቅም» አሉ አባ ነገሪ ዓይናቸውን አጥብበው። «የኔ ዓይን የሚያየው ጎመን ነው።»

አቤሴሎም እጁን አጨበጨበ። «ግሩም! እነዚህን ማን አመጣቸው? አባባ፣ ዱላውን እንዲያ ይያዙት። እናታችን እዚህ ወንበር ላይ። ማዘር፣ ጎመኑን ለልጆቹ ሳይሆን ለእሳቸው ይስጡ፣ ይበልጣል! ካሜራ ፊቷ ላይ!»

ሠርከአዲስ ጎንበስ ብላ አንዱን ጎመን ሳብ አደረገችው። ያለ ትግል ወጣ፤ ገና ሥር አልያዘም ነበር። ወደ እማማ ጁሀራ ስትራመድ የካሜራው ዓይን ከጉንጯ አንድ ስንዝር ርቆ አብሯት ሄደ። እማማ ጁሀራ ሣሩን ከአባ ነገሪ ተቀብለው ዘረጉት።

«ከዚህ አፈር ነው?»

ጄኔሬተሩ ያጓራል። አቤሴሎም ከካሜራው ኋላ ሆኖ በከንፈሩ ብቻ «አዎ... አዎ ይበሉ...» ይላል። አንዲት ቃል ናት። መሬቱም ፊቱም በዚያች ቃል ውስጥ አሉ። ሠርከአዲስ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ውሸት ስትመታ ኖራለች፤ አንድም ቀን ጣቷን አቃጥሏት አያውቅም፣ የእሷ አልነበረማ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ልትናገር ነው፤ ያውም በሙሉ ፊት። ሣሩን የዘረጋው እጅ ያረጀ ነው፤ ያምናታል።

«አይደለም» አለች።

«ካት!»

«አይደለም እማማ። የጎሮ ጎመን ነው፣ ትናንት ነው የተተከለው። ጓሮውን ዳዋ በልቶት ነበር። ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

«ሰማችሁ?» አለ መሀመድአወል። «ከራሷ አፍ!»

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ!» አሉ እማማ ጁሀራ፤ ልጅ ሳለች ሲጠሯት እንደነበረው። «ምን ሆነሽ? ታመሽ ነበር?»

«ደኅና ነበርኩ። ፊቴ ይታይልኛል ብዬ ነው።»

የሳቀ የለም። ዮዲ ብቻ ቀና ብላ አየቻትና «ዱቄቱ እየወረደ ነው» አለች።

አባ ነገሪ ዱላቸውን አፈሩ ላይ ተከሉ። «ሐጂ የተናገሩትን ሁላችንም ሰምተናል። ዳዋ ውጦታል፤ ራሷ አመነች። ሠርኬ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነው። እሸት አለሽ ወይስ የለሽም? ከሌለሽ ቃሉ እዚህ ያበቃል።»

ዙሪያውን አየች። የጎሮ ጎመን፣ የሮቤ አበባ፣ የአዲስ አበባ ልጅ። ከዚያ ዓይኗ ጄኔሬተሩ ጥግ ላይ አረፈ። ሮጠች። ሳጥኑን ገፋችው፣ ሳማው ውስጥ በጉልበቷ ገባች።

«ማዘር፣ ጄኔሬተሩ ይሞቃል!» አለ አቤሴሎም፤ ቀጥሎ ሰማዩን አይቶ ወደ ካሜራማኑ ዞረ። «ፀሐይዋን ደመና ሊሸፍንብን ነው። እሷን ተዋት፣ ልጆቹን ቅረፅ! ልጆች፣ ጓሯችሁ አምሯል፣ አጨብጭቡ!»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሠርከአዲስ ከጭብጨባው ሥር በጣቷ ቆፈረች። የመጀመሪያው በስብሷል። ሁለተኛው ቅጠል ብቻ ነው። ሳማው እስከ ክንዷ ለበለባት። «በቃ፣ የለም!» ይላል መሀመድአወል ከኋላዋ። ጣቷን እስከ ሥሩ ሰደደችው። አንድ ጠጣር ነገር ነካች። ሳበችው።

የሕፃን ጥርስ የምታህል ነጭ ሽንኩርት ነበረች፤ ከነጭቃዋ። ባበጠ እጇ ይዛት መጣች።

«ከዚህ አፈር ነው?»

«ከዚህ አፈር ነው።»

እማማ ጁሀራ በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ጥሬዋን ወደ አፋቸው ከተቱ።

«እማ፣ አትዋጪው!» ብሎ ጮኸ የቆርቆሮው ነጋዴ። «በአላህ፣ አትዋጪው!»

እናቱ አኘኩ። ዕንባቸው ወረደ። «ረቢ! ታቃጥላለች» አሉና ዋጡ።

ከዚያ የሆነው ጭቅጭቅ ጥዱ ሥር ብዙ ቆየ። መሀመድአወል ዳዋ ዳዋ ነው አለ፤ እናቱ የበላሁትን አልተፋም አሉ። በመጨረሻ አባ ነገሪ ተነሡ። «ዳዋም ጓሮውን በልቶታል፤ እሸቱም ተበልቷል። ሐጂ እንዲህ ሲሆን ምን እንደምናደርግ አልነገሩንም። እሸት የዋጠ ቤት በዚያው ዓመት መሬት አይነጥቅም፤ ለዘንድሮ ትቆይ። የሚቀጥለውን እናያለን።»

«እሺ» አለ መሀመድአወል። «ግን ፊልሙ ይመሰክራል። ሲወጣ እርስዎንና ሌሎቹን ሽማግሌዎች ሮቤ አዳራሽ ወስጄ አሳያችኋለሁ። መጀመሪያ ዳዋ ይታያል፣ ቀጥሎ ልጆች ሲያለሙት ይታያል። እሷ የት አለች? አገር ያየው እሸት አይኖራትም።»

አባ ነገሪ አገጫቸውን አሹ። «ይሁን። ፊልሙን እናያለን፤ የመጨረሻውን ቃል ያን ጊዜ እንሰጣለን።»

የጎሮው ጎመን ሳምንት ሳይሞላው ጠወለገ። አበባውን ባለቤቶቹ ቅዳሜውኑ ነቅለው ጭነውታል። ሠርከአዲስ ባዶውን መሬት ገልብጣ እንደገና ተከለች፤ አሁን ተራ በተራ በቅሎ አጥሩን ይዟል። ጥር ላይ አቤሴሎም ደወለላት።

«ማዘር፣ አያትየውን አዲስ አበባ ላይ በሌላ ሰው ሠራናት። እርስዎ ‹አይደለም› ያሉበት ታሪኩን ያበላሽብናል፣ ቆርጠነዋል። የሽንኩርቱም እንደዚሁ።»

«ሙሉ በሙሉ የለሁም በለኛ።»

«አንድ ቦታ አሉ። ጭብጨባው ላይ፣ በግራ ጫፍ። ልንቆርጠው ነበር፤ ግን ዮዲ እንደዚያ የሳቀችበት ሌላ ቦታ የለም።»

«ምኔ ነው የሚታየው?»

«ክርንዎ።»

እንግዲህ እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ ፊልሙ ሮቤ ሲገባ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መሄዳችሁ አይቀርም፤ በዳዋው ታዝናላችሁ፣ በጭብጨባው አብራችሁ ታጨበጭባላችሁ። ያን ጊዜ ለአፍታ ዓይናችሁን ከዮዲ ጥርስ ላይ ንቀሉና ወደ ግራ ጫፍ መልሱት። ሳማ ውስጥ የገባ ክርን ታያላችሁ። ከፊታችሁ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠው ይሆናል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ካላሳዩአቸው አያዩም። አጠገባቸው የተቀመጠው የቆርቆሮ ነጋዴም አያሳያቸውም። እባካችሁ፣ ፊልሙ ሳያልቅ ትከሻቸውን ነካ አድርጓቸውና፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላችሁ፣ ያቺ ክርን የማን እንደሆነች፣ ከየትኛው አፈር ምን ይዛ እንደወጣች ንገሯቸው።